ኤቲቪ ወይስ ሳይድ ባይ ሳይድ? መጀመሪያ መመለሻውን ንገሩኝ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰላም የለኝም። ሠርግ ላይ ሳህኔን ይዤ ሳልቀመጥ አንዱ ጠጋ ብሎ፣ «ሌቲ፣ እንደው ላስቸግርሽ፤ ለአደን ኤቲቪ ይሻለኛል ሳይድ ባይ ሳይድ?» ይለኛል። ባለፈው ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ጠየቁኝ። ለቅሶ ቤት እኮ ነው! ሰውየውን ገና አልቀበርናቸውም! ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ተነሳሁ፤ ከዚህ በኋላ የሚጠይቀኝ ሰው ይህንን ያንብብ።

ሙሉ ስሜ ለተብርሃን ነው። እናትና አባቴ ከአስመራ መጥተው አዲስ አበባ ወለዱኝ፤ ሲያትል ውስጥ ግን ሐበሻውም ፈረንጁም ሌቲ ነው የሚለኝ። የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍኩት ከሲያትል ወጣ ብሎ ሊንውድ ከተማ፣ የጫካ ሞተር የሚሸጥና የሚጠግን ሱቅ ውስጥ ነው። አጣቢ ሆኜ ገባሁ፣ ጠጋኝ ሆንኩ፣ ሻጭ ሆኜ ወጣሁ። በሥራዬ ጎበዝ ነበርኩ። ትሕትና ደስ ይላል፤ ግን ጎበዝ ነበርኩ።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ኤቲቪ ማለት እግርህን አንፈራጥጠህ የምትቀመጥበት ባለአራት ጎማ ሞተር ነው። መሪው እንደ ሞተር ሳይክል እጀታ ነው፣ ነዳጁን በአውራ ጣትህ ትሰጠዋለህ፣ አብዛኛው ደግሞ የተሠራው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ሳይድ ባይ ሳይድ ትንሽ መኪና በለው። ሁለት ወንበር ጎን ለጎን፣ ክብ መሪ፣ ቀበቶ፣ ቢገለበጥ ጭንቅላትህን የሚያተርፍ የብረት ክፈፍ፣ ከኋላ ደግሞ የዕቃ መጫኛ አለው። ኤቲቪ በዛፍ መካከል ሹልክ ይላል፤ ሳይድ ባይ ሳይድ ሰውም ዕቃም ይሸከማል፣ ግን ሰፊ ነው። ሱቅ ገብታችሁ የሚነግሯችሁ ይህን ነው፤ ውሸት የለውም፣ ግን ገና ምንም አልነገሯችሁም።

እኔም ይህንን ወዲያው አላወቅኩትም። አሜሪካ እንደገባሁ ካፒቶል ሂል አንድ ካፌ ተቀጠርኩ። አለቃዬ ፈገግ በይ ይለኛል፤ እኔ ያለ ምክንያት መገልፈጥ አይሆንልኝም፣ ተለያየን። ከዚያ ታኮማ ወደብ ከመርከብ የወረዱ መኪናዎችን እየነዳሁ መደርደር ጀመርኩ። ቀኑን ሙሉ ከአንዱ ወርጄ አንዱ ላይ ስወጣ ጆሮዬ ሞተር ለመደ፤ የታመመውን ከጤነኛው በድምፁ መለየት ቻልኩ። ዴል ሊንውድ ሱቁ ውስጥ የቀጠረኝ በዚህ ጆሮ ነው።

ዴል የሱቁ ባለቤት ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ቀኑን ሙሉ የሱፍ ፍሬ የሚቆረጥም ፈረንጅ ነው። ኪሱ ሁሉ ገለባ ነበር። ደንበኛ ሲመጣ እንደ ሌሎቹ ሻጮች አይሮጥም፤ መጀመሪያ የአደን ጫማውንና ሙሉ ጓዙን ይዞ ተመልሶ እንዲመጣ ይልከዋል። ሲመለስ ሞተሩ ላይ ውጣ፣ ውረድ፣ እንደገና ውጣ ይለዋል። ሰውየው እስኪያልበው ድረስ። በስኒከር የወጣበት ወንበር ላይ በከባድ ጫማና በወፍራም ሱሪ መውጣት የሚያቅተው ሰው ብዛቱ! ዴል ያን ጊዜም አይናገርም፤ ሰውየው ራሱ እስኪናገር ይጠብቃል።

ሁለተኛው ልማዱ እንጨቱ ነው። ለያንዳንዱ ሞተር ልክ በስፋቱ የተቆረጠ ቀጭን እንጨት ነበረው። ደንበኛው የሚያድንበት ቦታ ቅርብ ከሆነ ዴል ራሱ ይሄዳል፤ እንጨቱን ደረቱ ላይ አግድም ይዞ መንገዱን በእግሩ ይሄድበታል። እንጨቱ ዛፍ ከነካ ሞተሩም ይነካል። ካርታ አያምንም፤ ስልክ ላይ የሚታየውን ሥዕልማ ጨርሶ አያምንም። መንገድ በየክረምቱ ይለዋወጣል፣ ዛፍ ይወድቃል፣ ጠርዙ ይናዳል ይል ነበር።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ጥያቄው ነው። ደንበኛው፣ «እንዲህ ብዬ ገብቼ፣ እዚህ ጋ አድፍጬ» ብሎ ሲጀምርለት ዴል እጁን ያነሳል።

«መሄዱን ተወው። መመለሻውን ንገረኝ።»

ሰውየው ይደናገጣል። መሄዱን ሁሉም አስቦበታል። ስትመለስ ግን ደክሞሃል፣ ዝናቡ ጀምሯል፣ የወጣኸው ዳገት ቁልቁለት ሆኗል፣ ከኋላህ ሥጋ ተጭኗል። ኤልክ የሚሉት አጋዘን ደግሞ እንደ ትልቅ በሬ ነው፤ አራት ብልት አውጥተህ በአንድ ጉዞ አትጨርሰውም። ዴል መመለሻውን እስኪሰማ ሞተር ሸጦ አያውቅም። እኔም ከሱ ተምሬ ስጠይቅ ኖርኩ። ዴል ሱቁን ለቆ ወደ ታኮማ ሲሄድ እንጨቶቹን ለእኔ ሰጠኝ። ሱቁን የገዛው ወጣት አለቃ ሲያያቸው ሳቀ፤ እኔም ከጎማዎቹ ጀርባ ደብቄ አስቀመጥኳቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ወርቁ የኤርፖርት ሹትል፣ የመንገደኛ ማመላለሻ፣ ሾፌር ነው፣ የእኔ እኩያ። ጋሽ ኢብራሂም የደሴ ሰው ናቸው፣ እኛን በአሥር ዓመት ይበልጡናል፤ ከሲያትል በስተደቡብ ግሮሰሪ አላቸው። ወርቁን አደን ያስተማረው የሥራ ባልደረባው ነው፤ ወርቁ ደግሞ ጋሽ ኢብራሂምን ጎትቶ ወሰዳቸው። ከዚያ በኋላ በየመከሩ፣ ማለቴ በፈረንጆቹ ፎል፣ ከተራራው ማዶ ዝናብ ወደማይበዛበት ጫካ አብረው ይወጡ ነበር። ጋሽ ኢብራሂም የክርስቲያን ሥጋ አይበሉም፤ ወርቁም የእስላም ሥጋ አይበላም። አንዱ ሌላውን ብላ ብሎ አያውቅም። አንዱ ቢስሚላህ ብሎ ይተኩሳል፣ ሌላው በስመ አብ ብሎ። ስለዚህ ለሁለት ሰው ሁለት ፈቃድ፣ ሁለት ኤልክ ነው የሚያስፈልገው። «ፈረንጅ አንድ ገድሎ ይካፈላል፤ እናንተ ጫካውን ልትጨርሱት ነው» እያልኩ እስቅባቸው ነበር።

ወርቁ ሞተር ሊገዛ ሲመጣ መመለሻውን ጠየቅኩት። የሚያድኑበት ቀጭን መንገድ አፉ ላይ ሁለት ብረት ተተክሎበታል፤ ከሃምሳ ኢንች የሰፋ ነገር አያሳልፍም። እንጨቱን ይዤ ሄድኩ፣ ለካሁ፣ ኤቲቪ ነው ልኩ አልኩ። ለአንድ ሰው መሆኑንም በደንብ ነገርኩት፤ ተለጣፊ ማስጠንቀቂያውን በጣቴ እየነካሁ አሳየሁት።

«ኦኬ፣ ገባኝ» አለ። «እኔ ሥጋውን እየጫንኩ እነዳለሁ፤ ጋሼ ከኋላ ቀስ እያሉ በእግራቸው ይመጣሉ።»

እኔም አመንኩት። አይገርምም?

የሆነውን ራሱ ወርቁ ነው የነገረኝ። ቀኑን ሙሉ ተራራ ለተራራ ሲዞሩ ውለው ጋሽ ኢብራሂም ጉልበታቸው ዝሏል። ወርቁ ሞተሩን አስነስቶ ዞር ሲል ሰውየው ዱላ ተመርኩዘው ከኋላ ይጎተታሉ።

«ጋሼ፣ ይውጡ።»

«አንተ ሂድ፣ እኔ እደርስብሃለሁ።»

«በማርያም! እኔ ተቀምጬ እርስዎ በእግር?»

«ሞተሩ ለአንድ ነው ብላ የለም ሌቲ?»

«ትንሽ መንገድ ነው፤ ይውጡ ስልዎት!»

በር ላይ «ግባ አንተ ግባ» እየተባባልን እንደምንገፋፋው ተገፋፉ፣ እንደ ልማዳችንም የለመነው አሸነፈ። ጋሽ ኢብራሂም ከኋላ የዕቃ መጫኛው ላይ ተቀመጡ። ቁልቁል ሲወርዱ ምንም አልሆነም። መጨረሻው አካባቢ ግን አጭር ዳገት አለ። ክብደቱ ሁሉ ከኋላ ጎማ ወዲያ ስለሆነ የፊቱ ጎማ መሬት ለቀቀ። ወርቁ ወደ ጎን ዘለለ፤ ሞተሩ ጋሽ ኢብራሂም ላይ ወደ ኋላ ተገለበጠ። ግራ ዳሌያቸው ተሰበረ።

ሆስፒታል ደርሼ ስመለስ ለዴል ደወልኩለት። እያለቀስኩ ነበር፣ ተናድጄም ነበር።

«ነግሬው ነበር!» አልኩት።

«መመለሻውን ጠየቅሽው?»

«ጠየቅኩት! እሱ ይነዳል፣ ሽማግሌው በእግር ይመጣሉ አለኝ።»

የሱፍ ፍሬውን ሲቆረጥም ይሰማኛል። «እና በእናንተ አገር እንደዚያ ይደረጋል?» አለኝ።

ወይ ጉድ! ዴል በየዋህነት ነው የጠየቀኝ፤ ስለኛ ምን ያውቃል? እኔ ግን አውቃለሁ። ታላቁ በእግሩ እየተጎተተ ተቀምጦ የሚነዳ ሐበሻ የት አይቼ ነው? መንገዱን ለካሁ፣ ሞተሩን ለካሁ፣ ይሉኝታችንን ግን አልለካሁትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሐበሻ ደንበኛ ጥያቄዬን አረዘምኩት፤ መመለሻውን ንገረኝ፣ ከማን ጋር ነው የምትመለሰው፣ እሱስ ቢደክመው ምን ታደርጋለህ?

ጋሽ ኢብራሂም ዳኑ። ግራ እግራቸው ግን እንደ ድሮው አይነሳም። ወርቁ የመጀመሪያውን ሳምንት ከሆስፒታሉ አልተለየም ነበር፤ ሰውየው ቤታቸው ሲገቡ ግን ጠፋ። ሰው ይልካል፣ ብርቱካን ይልካል፣ ራሱ አይመጣም። ኤቲቪውን ሸራ አልብሶ ጋራዥ ውስጥ ዘጋበት። እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ።

ጡረታ ልወጣ ስል፣ የመጨረሻው መከር ላይ፣ ጋሽ ኢብራሂም በከዘራ ሱቁ ውስጥ ገቡ። ልጃቸው ሰሚራ ከኋላቸው አለች።

«ሌቲ፣ ጫካ የሚያስገባኝ ነገር ስጪኝ» አሉ።

«ዳድ፣ ኖ!» አለች ሰሚራ። «ዊ ቶክድ አባውት ዚስ፣ ተነጋግረን ነበር እኮ! ሌቲ፣ ፕሊስ እምቢ በያቸው።»

«ጋሼ፣ ኤልኩ ይቅርብዎ። ሥጋ እኔ አመጣልዎታለሁ» አልኳቸው።

«የክርስቲያን ሥጋ ምን ያደርግልኛል?» ብለው ሳቁ። ሳቁ ግን አልቆየም። «ወርቁ ሹትሉን ሲነዳ በግሮሰሪዬ በር ነው የሚያልፈው። በመስኮት አየዋለሁ። እኔን ላለማየት ወደ ማዶ እየዞረ ነው የሚያልፈው። ስደውልለት አያነሳም። እዚያ ጫካ ውስጥ ካልሆነ ይህ ሰው ዳግመኛ የሚያናግረኝ አይመስለኝም። ወላሂ፣ ኤልክ አይደለም የፈለግኩት።»

 ነገሩ ገባኝ። ሰውየው ከመሞታቸው በፊት ወዳጃቸውን ሊመልሱ ነው የመጡት፤ እኔ ደግሞ ተሳስቼ ብሸጥላቸው በዚህ ዕድሜ ዳሌያቸው ዳግም ቢሰበር አይተርፉም።

ኤቲቪ ወዲያው ከምርጫው ወጣ። እግራቸውን አሻግረው መቀመጥ አልቻሉም። ወጣቱ አለቃዬ ከኋላዬ መጥቶ፣ «ጠባቡን ሳይድ ባይ ሳይድ ስጫቸው፤ በብረቶቹ መካከል ያልፋል፣ አለቀ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ልክ ለዚያ ስፋት የተሠራ ጠባብ ሳይድ ባይ ሳይድ አለ። ቀበቶም ክፈፍም አለው።  እኔ ግን ከጎማዎቹ ጀርባ የዴልን እንጨት አወጣሁና በእረፍት ቀኔ ሰሚራን ይዤ ወደ ጫካው ነዳሁ።

ሰሚራ መንገዱን ሁሉ አኩርፋ ነበር። እኔ እንጨቱን ደረቴ ላይ አግድም ይዤ በብረቶቹ መካከል አለፍኩ፤ እንጨቱም አለፈ። ዛፎቹን አለፈ። አባቷ የወደቁበት ቦታ ስንደርስ ግን ቆምኩ። የላይኛው የመንገዱ ጠርዝ በዛፍ ሥር ተነስቷል፣ የታችኛው ጠርዝ ተንዷል። እንጨቱን መሬት ላይ አጋደምኩት፤ አንዱ ጫፍ መሬት ያዘ፣ ሌላው አየር ላይ ቀረ።

«ዋት ዳዝ ዛት ሚን? ምን ማለት ነው?» አለች ሰሚራ።

«ጠባብና ከፍ ያለ ነገር እዚህ ጋ በጎኑ ይጋደማል። ኤቲቪ ላይ ያለ ሰው ገላውን ወደ ላይኛው ጎን አዘንብሎ ሚዛኑን ይጠብቃል። አባትሽ በቀበቶ ታስረው፣ በዚያ እግር፣ ምን ያዘነብላሉ?»

«ሶ፣ አይገዙም ማለት ነው» አለች። ደስ ያላት መሰለኝ።

«ቆይ።» ወደ ብረቶቹ መለስኳት። ከብረቶቹ በፊት ያለው ድሮ የግንድ መኪና የሚሄድበት ሰፊና ደልዳላ መንገድ ነው። እዚያው ዳር ሜዳ አለ፣ የኤልክ ኮቴ ሞልቶታል። «እስከዚህ በሰፊው ሳይድ ባይ ሳይድ ይመጣሉ። ሰፊው ዝቅ ብሎ ስለሚሄድ በቀላሉ አይገለበጥም፤ ከወንበሩ መውጫው ለእግራቸው ቅርብ ነው፤ ሥጋም ሁለት ኤልክ ቢሆን ይጭናል። ድንኳናቸው እዚህ ይተከላል። ከብረቶቹ ወዲያ በኤቲቪ ብቻውን የሚገባው ወርቁ ነው።»

«ወርቁ ካልመጣስ?»

«ካልመጣማ አልሸጥላቸውም።»

ሰሚራ ሜዳውን አየችው፤ እንጨቱን ከእጄ ተቀብላ እሷ ራሷ በብረቶቹ መካከል ሞከረችው። ስንመለስ በመንገድ ላይ ስለ አባቷ ስታወራኝ መጣች።

ወርቁን ኤርፖርት ሄጄ ሹትሉ ውስጥ ያዝኩት። ተሳፋሪ ስለሌለ ማምለጫ አልነበረውም።

«በምን ዓይኔ ነው የማያቸው?» አለኝ። «እኔ ነኝ እኮ ይውጡ ብዬ የለመንኳቸው።»

«ስማኝ ወርቁ፤ ያንተ ይሉኝታ አንዴ ዳሌ ሰብሯል። አሁን ደግሞ ሰውየውን በቁማቸው ሊቀብራቸው ነው። በመስኮት እያዩህ ነው በራቸውን የምታልፈው፣ ታውቃለህ?»

አላወቀም ነበር። መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

ቅዳሜ ዕለት ሱቁ መጣ። ጋሽ ኢብራሂም ሳይድ ባይ ሳይዱ ላይ፣ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ የተጎዳው ግራቸው ነው፣ ነዳጅና ፍሬኑ ደግሞ በቀኝ እግር ነው። ወርቁ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ትከሻውን ያዙት።

«ተው! ያኔ አንተ በግድ ጫንከኝ፣ እኔም እሺ አልኩ። ጥፋቱ የሁለታችንም ነው። ዛሬ ጫኙ እኔ ነኝ። ግባ።»

ወርቁ ወንበሩን አየ፣ እሳቸውን አየ። «እንዴ ጋሼ! እርስዎ እየነዱ እኔ ልቀመጥ?»

«አሁንም?!» ብዬ ጮህኩ። ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። ሰሚራ ሳቋን መያዝ አቃታት። ጋሽ ኢብራሂም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፣ ወርቁም እየሳቀና እያለቀሰ ጎናቸው ገባ። ቀበቶውን አሰርኩለት።

«በሉ» አልኩ፣ «መመለሻውን ንገሩኝ።»

ጋሽ ኢብራሂም ወደ ወርቁ ጠቆሙ። ወርቁ በጣቱ እየቆጠረ ጀመረ። «ከጫካው ብቻዬን በኤቲቪ እወጣለሁ። ብረቶቹ ጋ ጋሼ ይጠብቁኛል። ሥጋውን ወደ ሰፊው እናዛውረዋለን፣ ከባዱን ከፊት በኩል፣ ዝቅ አድርገን። ኤቲቪውን ብረቶቹ ጋ ቆልፌ ትቼው፣ በማግስቱ በፒክአፕ መጥቼ እወስደዋለሁ። ጋሼ እየነዱ፣ እኔ ጎናቸው ሆኜ ፒክአፑ ወደቆመበት እንወርዳለን። ከዚያ ሳይድ ባይ ሳይዱን ጎትተን ሲያትል… ግሮሰሪው በር ላይ አወርዳቸዋለሁ።»

«ከዚያስ?» አልኩት።

ቀበቶውን ማጥበቅ ጀመረ። ጋሽ ኢብራሂምም ወደ ፊት እያዩ መሪውን ያዙ። አላስጨነቅኩትም፤ ቁልፉን ለጋሽ ኢብራሂም ሰጠኋቸው።

በሚቀጥለው ሳምንት ሲሄዱ ሁለት ቀን ዝናብ ዘነበ፤ ሰሚራና እኔ ስልካችንን ይዘን ስንጨነቅ ሰነበትን። እሑድ ማታ ወርቁ ደወለልኝ። ከኋላው ሰው ይስቃል፣ የገንዘብ መሳቢያ ይንቃጨላል።

«ኤልክ አገኛችሁ?»

«የምን ኤልክ! የአንዱንም ጅራት አላየን።»

«አሁን የት ነህ ታዲያ?»

«ግሮሰሪው ውስጥ» አለኝ።